ሳልበላ አድሬ ስኳሬ ጠዋት ለምን ወጣ? ስለ ጉበት፣ ኢንሱሊንና ስኳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ጠዋት ጠዋት የሚደጋገም ነገር አለ። ሰውየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ጣቱን ወጋ፤ የወጣችውን የደም ጠብታ ወረቀቷ ጫፍ ላይ አስነካ። ማሽኑ ትንሽ አሰበና 168 አለ። ማታ ሲተኛ 130 ነበር። በመሃል ከውሃ በቀር የቀመሰው ነገር የለም። ከጎኑ ያለ ሰው ግን ቁጥሩን አየት ያደርግና «ሌሊት ተነስተህ ምን በላህ?» ይለዋል።

ይህ ጥያቄ ሁሌም ያሳዝነኛል። ብዙ ጊዜ እውነተኛው መልስ «ምንም» ነው። ሰውየው ግን አይታመንም። እየቆየ ራሱም ራሱን መጠርጠር ይጀምራል። የዚያ ስኳር ምንጭ ኩሽናው አይደለም፤ የገዛ ጉበቱ ነው። ስለዚህ ጉዳይ በተደጋጋሚ የሚጠየቁትን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ መልሻለሁ።

ምንም ካልበላሁ ስኳሩ ከየት መጣ?

ከጉበታችሁ። ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን አካል ነው። ስንበላ ከምግቡ የመጣውን ስኳር ተቀብሎ ያስቀምጣል። ሳንበላ ስንቆይ ካስቀመጠው ላይ እየቆነጠረ ወደ ደም ይለቃል። ሌሊቱን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው፤ ጤነኛም ሰው ላይ እንደዚያው።

አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው ተኝቶ ሳለ ጉበቱ በሰዓት 8 ግራም ገደማ ስኳር ይለቃል። አንጎሉና ሌላው አካሉም በሰዓት ያንኑ ያህል ይጠቀማል። ገቢና ወጪው እኩል ስለሆነ የደሙ ስኳር ባለበት ያድራል። የስኳር ሕመም ሲኖር ይህ ሚዛን ይዛባል። ጉበት ከሚፈለገው በላይ ይለቃል፤ ሰውነት ደግሞ የተለቀቀውን እንደ ልብ አይጠቀምም።

ትርፉ ጥቂት ግራም ብቻ ሊሆን ይችላል። ችግሩ፣ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ስኳር ሁሉ ተደምሮ 5 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው! እዚህች ላይ ትንሽ ሲጨመር ማሽኑ ወዲያው ያሳብቃል።

ጉበት ለምን ዝም ብሎ አይቀመጥም? ስኳር ባይለቅ አይሻልም ነበር?

ባይለቅ ኖሮ ከእንቅልፋችን አንነሳም ነበር። አንጎል በቀን 120 ግራም ገደማ ስኳር ይፈልጋል፤ ተኝተንም ሥራ አያቆምም። የራሱ የሆነ ይህ ነው የሚባል ክምችት የለውም፤ ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው። ጉበት ለጥቂት ሰዓት እንኳ እጁን ቢሰበስብ ላብ ላብ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ ከዚያም ራስን መሳት ይመጣል።

ጉበት ስኳር እንደሚሠራ ያሳየው ክሎድ በርናር የተባለ ፈረንሳዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነው። በዘመኑ ስኳር የሚሠሩት ዕፅዋት ብቻ ናቸው፣ እንስሳ ግን የበላውን ከማቃጠል አያልፍም ተብሎ ይታመን ነበር። በርናር በ1850ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንስሳ ጉበት ወስዶ በደም ሥሩ በኩል ውሃ እየለቀቀ፣ ስኳር እስኪጠፋበት ድረስ አጠበው። ከዚያ ትቶት ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ ሲመረምረው ስኳር እንደገና ሞልቶበታል። እንስሳው የለም፣ ደም የለም፣ ምግብ የለም። ስኳሩ እዚያው ጉበቱ ውስጥ ከተቀመጠ ነገር ነው የወጣው። በ1857 ያንን ነገር ለይቶ አወጣው። ዛሬ ግላይኮጅን የምንለው ነው።

እኔ ይህን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ። ጠዋት ማሽኑን ይዞ «ግን እኮ አልበላሁም» ለሚል ሰው ከ160 ዓመት በላይ አስቀድሞ የተሰጠ ምስክርነት ይመስለኛል።

ግላይኮጅን ምንድነው? ሲያልቅስ ምን ይሆናል?

ግላይኮጅን ብዙ የስኳር ቅንጣቶች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተያይዘው የሚቀመጡበት መልክ ነው። ጎተራ ማለት ይቻላል። ጥሩ የበላ ሰው ጉበት ውስጥ 100 ግራም ገደማ ይገኛል። ሌሊቱን እየተቀነሰ ያድራል፤ አንድ ቀን ሙሉ ከጾምን በአብዛኛው ይሟጠጣል።

ጎተራው ሲያልቅ ግን ጉበት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ስኳር ካልሆነ ነገር ስኳር መሥራት ይጀምራል። እንዲያውም ጎተራው እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን ያስኬዳል። ጥሬ ዕቃው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ጡንቻና ቀይ የደም ሴል ስኳር ተጠቅመው የሚለቁት ላክቴት ነው። ሌላው ከፕሮቲን የሚገኝ አሚኖ አሲድ፣ ሦስተኛው ስብ ሲፈርስ የሚወጣው ግሊሰሮል ነው። ላክቴቱ ከጡንቻ ወደ ጉበት ሄዶ ስኳር ሆኖ የሚመለስበትን ዙር የደረሱበት ካርልና ገርቲ ኮሪ የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ዙሩም በስማቸው ይጠራል። በግላይኮጅን ላይ ለሠሩት ሥራ በ1947 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ኩላሊትም ስኳር በመሥራት ያግዛል። ዋናው ግን ጉበት ነው።

ጡንቻም ስኳር ያከማቻል ይባላል። እሱ ለምን ለደም አያበድርም?

አይችልም። ጡንቻ ከጉበት የሚበልጥ ግላይኮጅን አለው፤ በጠቅላላው 400 ግራም ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን ስኳርን ከሴል ለማስወጣት የሚያስፈልገው የመጨረሻው ኤንዛይም የለውም። ያስቀመጠውን ለራሱ ብቻ ይጠቀማል።

ኢንሱሊን ጉበት ላይ ምን ይሠራል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ኢንሱሊን የሴልን በር የሚከፍት ቁልፍ ነው» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ለጡንቻና ለስብ ሴል ይህ ልክ ነው። ለጉበት ግን አይሠራም። የጉበት ሴል በሩ ለስኳር ሁሌም ክፍት ነው፤ ኢንሱሊን ኖረም አልኖረም ስኳር ይገባል፣ ይወጣል።

ጉበት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠራው እንደ ቁልፍ ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ነው። «የገባውን ስኳር ያዝ፣ ወደ ግላይኮጅን ቀይር፣ ጎተራውን ማፍረስ አቁም፣ አዲስ ስኳር መሥራትም ይብቃህ» የሚል ትእዛዝ። ተቃራኒውን የሚያዘው ግሉካጎን ነው። እሱም የሚወጣው ከዚያው ከቆሽት ነው። ከበላን በኋላ የኢንሱሊን ድምፅ ይጎላል፤ ስንራብ የግሉካጎን። ጉበት የሁለቱን ድምፅ እያመዛዘነ ይለቃል ወይም ይሰበስባል።

ኢንሱሊን በተዘዋዋሪም ይሠራል። ቆሽት ላይ ግሉካጎን እንዳይበዛ ያደርጋል። ስብ ያለልክ እንዳይፈርስ ስለሚከለክልም ወደ ጉበት የሚሄደው ጥሬ ዕቃ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን መጀመሪያ የሚደርሰው ጉበት ጋ ነው። ከአንጀትና ከቆሽት ደም የሚሰበስበው ትልቁ የደም ሥር ቀጥታ ወደ ጉበት ይገባል። ጉበትም ከመጣው ኢንሱሊን ግማሽ ያህሉን እዚያው ያስቀራል፤ ሌላው አካል የሚያገኘው የተረፈውን ነው። በመርፌ የሚወሰደው ኢንሱሊን ግን ከቆዳ ሥር ተነስቶ በመላ ሰውነት ይዞራል። ጉበትና ሌላው አካል እኩል ይደርሳቸዋል ማለት ነው። ጉበትን በቅጡ ለማዘዝ የሚበቃ መጠን ከተሰጠ ለጡንቻው ሊበዛበት ይችላል። በመርፌ ስኳርን ማስተካከል አድካሚ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲልባችሁ ስንፍና ነው ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

በዓይነት 1 የስኳር ሕመም ጉበት ላይ ምን ይፈጠራል?

ኢንሱሊን የሚሠሩት የቆሽት ሴሎች ስለጠፉ ትእዛዝ የሚሰጥ የለም። የሚሰማው የግሉካጎን ድምፅ ብቻ ነው። ደም ውስጥ ስኳር ሞልቶ ተርፎ እያለ ጉበት ሰውየው እየተራበ እንደሆነ ነው የሚያስበው። ስለዚህ በላይ በላዩ ይለቃል።

አደጋው በስኳር አያበቃም። ያለ ኢንሱሊን ስብ በብዛት ይፈርሳል። የፈረሰው ስብ ጉበት ሲደርስ ኬቶን ይሆናል። ኬቶን በመጠኑ ሲሆን ችግር የለውም፤ ጾም ላይ የሁላችንም ጉበት ይሠራዋል። ያለ ኢንሱሊን ግን የሚያስቆመው የለም፤ ደም አሲድ እየሆነ ይሄዳል። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጠን ጠለቅ ያለ አተነፋፈስ፣ እንደ በሰለ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ ካያችሁ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር የለም። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ኢንሱሊን ይህን እንዴት እንደሚመልሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ በግልጽ የታየው በጥር ወር 1922 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ቦታው ቶሮንቶ፣ ታማሚው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። የመጀመሪያው መርፌ በደንብ ስላልተጣራ ብዙም አልረዳውም። ከ12 ቀን በኋላ የተጣራው ሲሰጠው የደሙ ስኳር በአንድ ቀን ውስጥ ከ520 ወደ 120 ወረደ፤ ከሽንቱም ኬቶን ጠፋ። የኬቶኑ መጥፋት ትእዛዙ ጉበትም ጋ መድረሱን ያሳያል።

በዓይነት 2ስ? ኢንሱሊን አለ እየተባለ ስኳሩ ለምን ይወጣል?

በዓይነት 2 ኢንሱሊን አለ፤ በተለይ መጀመሪያ ላይ ከጤነኛ ሰው የሚበልጥ ሊሆንም ይችላል። ጉበት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ቆሽት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኻል፤ ለተወሰነ ጊዜ ይሰማለታል። ውሎ አድሮ ቆሽቱ ይደክማል፤ ያኔ በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር መውጣት ይጀምራል። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤነኛ ነው። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው። 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ሲረጋገጥ የስኳር ሕመም ይባላል። ይህ የጠዋት ቁጥር በአብዛኛው የጉበት ቁጥር ነው። ከምግብ በኋላ ያለው ደግሞ የምግቡ፣ የጡንቻውና የጉበቱ ድምር ነው።

ሐኪሞችን ራሳቸውን ሲያስገርም የኖረ አንድ ነገር አለ። ኢንሱሊን ለጉበት «ስኳር አትልቀቅ» ብቻ አይለውም፤ «ትርፉን ወደ ስብ ቀይር» ብሎም ያዘዋል። በዓይነት 2 ጉበት የመጀመሪያውን ትእዛዝ ችላ ይላል፤ ሁለተኛውን ግን እሺ ብሎ ይፈጽማል። ውጤቱ እጥፍ ድርብ ጉዳት ነው። ስኳሩም ይለቀቃል፣ ስቡም ይከማቻል።

አልትራሳውንድ ተነስቼ ጉበትህ ላይ ስብ አለ ተባልኩ። ይህ ከስኳሬ ጋር ይገናኛል?

በደንብ ይገናኛል። ስብ የበዛበት ጉበት ኢንሱሊንን የባሰ አይሰማም። አልሰማ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን ይጨምራል፤ የጨመረው ኢንሱሊን ደግሞ ተጨማሪ ስብ ያሠራል። እንዲህ እያለ አዙሪት ይሆናል።

ደስ የሚለው፣ አዙሪቱ ወደ ኋላም ይዞራል። ሲከሱ ስብ ቀድሞ ከሚወጣባቸው ቦታዎች አንዱ ጉበት ነው። ብሪታንያ ውስጥ በ2011 በወጣ አነስተኛ ጥናት፣ ዓይነት 2 ያለባቸው ሰዎች በጣም ዝቅተኛ ካሎሪ ያለው አመጋገብ ጀምረው በአንድ ሳምንት ውስጥ የባዶ ሆድ ስኳራቸው ወደ ጤነኛ ሰው መጠን ወርዷል፤ የጉበት ስባቸውም ቀንሷል። በ2017 የወጣው ዳይሬክት የተባለ ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ ሕመሙ ከታወቀባቸው 6 ዓመት ያልሞላቸውን አሳተፈ። ክብደት የመቀነሻውን አመጋገብ ከተከተሉት ውስጥ በአንድ ዓመት ከመቶ 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም መጠን በታች ሆነ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ውስጥ ደግሞ ከመቶ 86ቱ!

ይህ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም፤ ሕመሙ በቆየ ቁጥር ይከብዳል። ኢንሱሊን ወይም ቆሽትን የሚቀሰቅስ ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ምግብ በብዛት ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪም ያስፈልጋችኋል። መድኃኒቱ ባለበት ምግቡ ሲቀንስ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል።

የጉበት ምርመራዬ ደህና ነው ተብያለሁ። ታዲያ ጉበቴ እንዴት ጥፋተኛ ይሆናል?

የተለመደው የደም ምርመራ የሚያሳየው የጉበት ሴል መጎዳቱን ነው። ስኳር አለቃቀቁን አያሳይም። ምርመራው ደህና ሆኖ ስቡም፣ የማይሰማው ጆሮም ሊኖሩ ይችላሉ።

ስኳሬ የሚወጣው ለምን በተለይ ንጋት ላይ ነው?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ሰውነት ለመንቃት ይዘጋጃል። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞንና የዕድገት ሆርሞን ከፍ ይላሉ። ሁለቱም የኢንሱሊንን ትእዛዝ ያዳክማሉ፤ ጉበትም ይለቃል። ጤነኛ ቆሽት ኢንሱሊን ጨመር አድርጎ ያስተካክለዋል፤ ሰውየውም ነገሩን ሳያውቀው ይነጋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ላይ የሚያስተካክል ስለሌለ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማሽኑ ይናገራል። አንዳንዱ ሰው ቁርስ ሲያዘገይ እንኳ ቁጥሩ መውጣቱን ይቀጥላል።

እራት ብዘልስ?

አብዛኛውን ጊዜ አይረዳም። ምግብ ባይመጣም ጉበት የራሱን ይለቃል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ አደጋ አለው። ከእራቱ ብዛትና ዓይነት ጋር መታገል ይሻላል።

ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒን ጉበት ላይ ነው የሚሠራው ይባላል። ጉበቴን አይጎዳውም?

ዋናው ሥራው እውነትም ጉበት ላይ ነው፤ አዲስ ስኳር የመሥራቱን ሂደት ያቀዘቅዛል። ቆሽትን ገፍቶ ኢንሱሊን ስለማያስወጣ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ሰዎች «ጉበት ላይ ይሠራል» ሲባሉ ጉበት የሚያደክም ይመስላቸውና ይተውታል። እንዲያ አይደለም፤ ሜትፎርሚን በጉበት መርዛማነቱ የሚታወቅ መድኃኒት አይደለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ኩላሊት በጣም ሲደክም፣ ጉበት ቀድሞውኑ በከባዱ ተጎድቶ ሲገኝ ወይም መጠጥ ሲበዛ ነው። ያኔ ላክቴት ደም ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ሆድ ማወክ ግን የተለመደ ነው። ከምግብ ጋር መውሰድና መጠኑን ቀስ እያሉ መጨመር ያቀለዋል።

መጠጥ ከጠጣሁ በኋላ ስኳሬ የሚወርደው ለምንድነው?

ጉበት አልኮሉን በማቃጠል ስለሚጠመድ አዲስ ስኳር መሥራት ያቅተዋል። ጎተራው ውስጥ ግላይኮጅን ካለ ለጊዜው ይሸፍናል። ሳይበላ የጠጣ ሰው ላይ ግን ያ መሸፈኛም የለም። ስኳሩ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ተኝቶ ሳለ ሊወርድ ይችላል። የከፋው ደግሞ ምልክቱ ስካር መምሰሉ ነው። መንገዳገድ፣ መንተባተብ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። አጠገቡ ያሉት «ጠጥቷል፣ ይተኛ» ይሉታል። ኢንሱሊን ወይም ቆሽትን የሚቀሰቅስ ክኒን የሚወስድ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ስኳሩን ለኩ። ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ ስኳር ያለበት መጠጥ ስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጥ፤ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል። ለዚህ ጊዜ የሚሰጠው የግሉካጎን መርፌም የሚሠራው ጉበት ያስቀመጠውን እንዲለቅ በማድረግ ነው። ጎተራው ባዶ ከሆነ ብዙም አይረዳም።

ሲያመኝ ምግብ ባልቀምስም ስኳሬ ይወጣል። መድኃኒቴን ልተወው?

ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ በራሳችሁ አታቋርጡ። ትኩሳትና ኢንፌክሽን የጭንቀት ሆርሞኖችን ያበዛሉ፤ ጉበትም ይለቃል። ሳትበሉም ኢንሱሊን የሚያስፈልጋችሁ ለዚህ ነው። መጠኑ እንዴት ይሁን የሚለውን ግን ሐኪም ይወስናል። የሚዋጡትን በተመለከተ በሕመም ቀን ለጊዜው የሚቆሙም አሉ፤ ደህና ሳላችሁ ጠይቃችሁ ጻፉት።

ስፖርት ሠርቼ ስኳሬ ጨመረ። ይሆናል?

አዎ፣ በተለይ ሩጫው ወይም ክብደት ማንሳቱ ከባድ ሲሆን። አድሬናሊን ጉበትን ያስለቅቀዋል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሰዓት ይመለሳል፤ ከዚያም ጡንቻው ኢንሱሊንን በተሻለ ይሰማል። ስፖርቱን አትተዉት።

የጠዋቱ ቁጥሬ አልወርድ ብሏል። ለሐኪሜ ምን ይዤ ልሂድ?

የጠዋቷን ቁጥር ብቻዋን ይዛችሁ አትሂዱ። ለሦስት አራት ቀን ልትተኙ ስትሉ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይና ስትነቁ ለኩና ሰዓቱን ጨምራችሁ ጻፉት። ማታም ከፍ ብሎ ከነበረ ነገሩ ከእራት ወይም ከማታው መድኃኒት ጋር ሊያያዝ ይችላል። እስከ 9 ሰዓት ደህና ቆይቶ ከዚያ ከወጣ የንጋቱ ሆርሞን ነው ወደሚለው ያደላል። 9 ሰዓት ላይ ወርዶ ከተገኘ ደግሞ የማታው መድኃኒት በዝቶ ይሆናል፤ ይህን ቀጠሮ እስኪደርስ ሳትጠብቁ ንገሩ። ሦስቱም ጠዋት ላይ ያው 168 ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው።